የዴንማርኩ ጉልበት

[ሮማ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ ያለ አደባባይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። የግንቦት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሐበሻ የቤት ሠራተኛ ሁሉ ከእመቤቱ የሚለቀቅበት። ዘመኑ የደርግ ነው። ጎበና አዲስ አበባ ሳለ የቀበሌ ውይይት ክበብ መሪ ነበር። አሁን የአንድ ሕንፃ በር ጠባቂ ነው፤ አፉ ግን ሥልጣኑን አላስረከበም። ጓደኛው ማንደፍሮ የመንዝ ሰው፣ የወጌሻ ልጅ ነው፤ አንድ ጡረተኛ ጣሊያናዊ ያስታምማል። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፤ እሱም ሲባል ዝም ይላል። ዛሬ ከባድ መልእክት ይዞ መጥቷል። ጎበና ግን ጋዜጣ ዘርግቶ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ጉልበት ይሟገታል፤ ጎበና ጋዜጣ ከዘረጋ ደግሞ መልእክት ማድረሻ የለም።]

ጎበና፦ ግራው ነው!

ማንደፍሮ፦ ቀኙ ነው።

ጎበና፦ አንተ ሰው፣ ፎቶው ይኸው! ፋሻው በዚህ በኩል ነው። ይኼ የቱ ነው? [ግራ እጁን ያነሳል] ግራ!

ማንደፍሮ፦ ሰውየው ወደኛ ዞሮ እኮ ነው የቆመው። [ተነስቶ ፊት ለፊቱ ይቆማል] እኔ ቶርበን ነኝ እንበል...

ጎበና፦ አንተ እንዴት አድርገህ ቶርበን ትሆናለህ? ቶርበን በዚህ ከተማ አቻ የሌለው አማካይ ተጫዋች ነው። አንተ የመንዝ ሰው ነህ።

ማንደፍሮ፦ እንበል አልኩ እንጂ። ቀኝ እጄ በየት በኩል ነው?

ጎበና፦ በግራ።

ማንደፍሮ፦ እሱ ያንተ ግራ ነው።

ጎበና፦ ግራ ምን ያንተ የኔ አለው? የግል ግራ የሚባል ነገር በአብዮቱ ተወርሷል!

ማንደፍሮ፦ [ተመልሶ ይቀመጣል] ቫ ቤኔ፣ ይሁንልህ። እኔ ለጉልበት አልመጣሁም። የእልፍነሽን መልስ ይዤ ነው።

ጎበና፦ [ጋዜጣው ከእጁ ሊያመልጥ ይደርሳል] መልስ ሰጠች?

ማንደፍሮ፦ ሰጠች።

ጎበና፦ ቆይ! እንዳትነግረኝ!

ማንደፍሮ፦ ለምን?

ጎበና፦ ልቤን ላረጋጋ። አሎራ፣ እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እልፍነሽ የማን ቤት ነው የምትሠራው?

ማንደፍሮ፦ የቶርበን። ልጆቹን ነው የምትይዝለት።

ጎበና፦ እሁድ የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ነው። ቶርበን ተጫውቶ ካሸነፈ ሮማ ይቀራል። ካልተጫወተስ?

ማንደፍሮ፦ ያርፋላ።

ጎበና፦ ይሸጣል! ወደ ሰሜን፣ ጭጋግ ወደማይለቀው አገር። እልፍነሽም ልጆቹን ተከትላ ትሄዳለች፤ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ብቻዬን እሸብታለሁ። የኔ ትዳር በዚያ ሰውዬ ጉልበት ላይ ተንጠልጥሏል። ገባህ?

ማንደፍሮ፦ አንድ ነገር አልገባኝም።

ጎበና፦ አውቄያለሁ። እጅህን አውጥተህ ጠይቅ።

ማንደፍሮ፦ [እጁን ያወጣል] ሰው ይሸጣል እንዴ?

ጎበና፦ ኳስ ተጫዋች ይሸጣል።

ማንደፍሮ፦ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው?

ጎበና፦ ቶርበን ከነሚስቱ ነው ሲሸጥ የኖረው! ታሪኩን ላስረዳህ። የተወለደው ዴንማርክ፣ አንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። ቀን ዓሣ ፋብሪካ ይሠራል፤ ሲወጣ ኳስ ይጫወታል።

ማንደፍሮ፦ ሳይታጠብ?

ጎበና፦ እሱን ጋዜጣው አልጻፈም። ከዚያ የሆላንድ ቡድን አየውና ገዛው። ሆላንዶቹ ደግሞ አንድ ዓመት ለቤልጂጎች አዋሱት።

ማንደፍሮ፦ አዋሱት?

ጎበና፦ በውሰት ሰጡት።

ማንደፍሮ፦ እንደ በሬ?

ጎበና፦ እንደ በሬ በለው።

ማንደፍሮ፦ በቃ፣ ጉልበቱ እዚያ ነዋ የተጎዳው! በውሰት የሄደ በሬ መቼ ያርፍና? ቀን ሲጠምዱት ይውላሉ፣ ማታ ገለባ ይነፍጉታል። አባቴ ስንቱን አሽቷል።

ጎበና፦ ጉልበቱ የተጎዳው እዚሁ ሮማ ነው፣ ጥቅምት ላይ! ከዚያ ወዲህ አሠልጣኙ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጦታል።

ማንደፍሮ፦ ደመወዙስ?

ጎበና፦ ደመወዙ አይነካም።

ማንደፍሮ፦ ምንም ሳይሠራ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሌላው ሲለፋ እያየ?

ጎበና፦ አዎ።

ማንደፍሮ፦ ታዲያ እንዳንተ የውይይት ክበብ መሪ ነዋ።

ጎበና፦ [ዙሪያውን ይገላመጣል፤ ሮማም ቢሆን ግድግዳ ጆሮ አለው] ቀስ ብለህ ተናገር!

ማንደፍሮ፦ ሌላም ያልገባኝ አለ። የሰውየው ያባት ስም ክሪስተንሰን ነው አይደል?

ጎበና፦ ነው።

ማንደፍሮ፦ ሚስቱም ክሪስተንሰን ናት፤ እልፍነሽ ስትጠራት ሰምቻለሁ። አባታቸው አንድ ነው ማለት ነው። ጉልበቱን ላሽ የሄድኩ የመጀመሪያው ቀን ሳላሸው ልመለስ ነበር እኮ። ሰባት ቤት መቁጠሩ ቢቀር አንድ ቤት እንኳ ያልቆጠረ ሰው ጉልበቱ ቢታሽ ይድናል?

ጎበና፦ የፈረንጅ ሚስት የባሏን ስም ትወስዳለች፣ ማንዴ!

ማንደፍሮ፦ የገዛ አባቷንስ የት ጣለችው?

ጎበና፦ ተወው። እንኳን ሳትመለስ አሸኸው! ወጌሻ ነው ብዬ እዚያ ቤት ያስገባሁህ ለጉልበት መሰለህ? ለእልፍነሽ ነው። ጨዋ ሰው ራሱ ሄዶ «አግቢኝ» አይልም፤ ሰው ይልካል። ለመሆኑ እንዳዘዝኩህ አደረግህ? የመጀመሪያው ቀን?

ማንደፍሮ፦ ጉልበቱን በቅቤ አሸሁና ወጥ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። «አንድ ሰው ያስብሻል» አልኳት።

ጎበና፦ ስሜን አልጠራህም?

ማንደፍሮ፦ አትጥራ ብለኸኝ የለ።

ጎበና፦ ጎበዝ! ስም የሚጠራው በስተመጨረሻ ነው። ምን አለች?

ማንደፍሮ፦ «ሻይ ልድገምህ?» አለች።

ጎበና፦ [እጁን ያፋትጋል] ጥሩ ምልክት ነው! በሁለተኛው ቀንስ?

ማንደፍሮ፦ «ሰውየው ጨዋ ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ሰው ሲናገር ይሰማል» አልኳት።

ጎበና፦ ዝምተኛ? ማነው ዝምተኛው?

ማንደፍሮ፦ አንተ። እንደዚያ በል አላልከኝም?

ጎበና፦ ብያለሁ፤ ልክ ነው። ደግ አድርገሃል።

ማንደፍሮ፦ በሦስተኛው ቀን...

ጎበና፦ ቆይ! ሦስተኛው ቀን ጎል ነው፤ ከጎል በፊት ጨዋታውን መረዳት አለብህ። አንተ በዚህ ነገር ውስጥ ማነህ? አማካይ ነህ። ልክ እንደ ቶርበን። አማካይ ከኋላ ተቀብሎ ወደ ፊት ያቀብላል። አጥቂው እኔ ነኝ።

ማንደፍሮ፦ አጥቂው የት ነው ያለው?

ጎበና፦ ጎሉ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃላ።

ማንደፍሮ፦ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳይል?

ጎበና፦ ብቅ ምን ያደርግለታል? እኔ ቀድሜ ሄጃለሁ! ባለፈው እሁድ ለማኅበራችን ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ሰርጌ በጥር ነው። ሚዜም መርጫለሁ።

ማንደፍሮ፦ እሷ ሳትሰማ? ላም አለኝ በሰማይ...

ጎበና፦ ተረት አታምጣብኝ! ጠይቅ እንጂ።

[ማንደፍሮ ኮሌታውን ይፈታል። ጎበናን ይወደዋል፤ ሮማ የገባ ለት ከጣቢያ የተቀበለው፣ አልጋውን ያካፈለው እሱ ነው። የያዘው መልስ ግን ይህንኑ ሰው ያቆስላል።]

ማንደፍሮ፦ እሺ፤ አማካዩ አቀብሎ ኳሱ ቢመለስበትስ?

ጎበና፦ ደግሞ ያቀብላል።

ማንደፍሮ፦ ደግሞም ቢመለስ?

ጎበና፦ ያኔ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ነው ማለት ነው።

ማንደፍሮ፦ እሱ ደግሞ ምንድን ነው?

ጎበና፦ [ተነስቶ ኮፍያውን መሬት ላይ ያኖራል] ይኼ ጎሉ ነው እንበል። እኔ ኳሱ ገና ሳይመጣ ከሁሉ ቀድሜ እዚህ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። አንተ ከኋላ ታቀብለኛለህ። በዳር የቆመው አራጋቢ ባንዲራውን ቀጥ! ባገባም አይቆጠርልኝም።

ማንደፍሮ፦ ቀድሞ መድረስ ጥፋት ነው?

ጎበና፦ ከኳሱ ቀድሞ መድረስ ጥፋት ነው!

ማንደፍሮ፦ ታዲያ አማካዩ ምን ይሁን?

ጎበና፦ የቶርበን ትልቅነት እዚህ ላይ ነዋ! ያያል። አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ከሆነ፣ ጎሉ ደግሞ ክፍት ከሆነ፣ ማንንም አያስፈቅድም፤ ራሱ ይመታል! ዴንማርክም፣ ሆላንድም፣ ሮማም ስሙን የተከለው በዚህ ነው። ሌላ አማካይ ቢሆን እያቀበለ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር።

ማንደፍሮ፦ አጥቂው አይቀየምም?

ጎበና፦ ለምን ይቀየማል? ኳስ የሚገባው ሰው አይቀየምም። አጨብጭቦ ይስመዋል እንጂ!

ማንደፍሮ፦ አጨብጭቦ ይስመዋል?

ጎበና፦ ይስመዋል አልኩህ። ባስታ፣ በቃ! አሁን ልቤ ተረጋግቷል። ሦስተኛውን ቀን ንገረኝ።

ማንደፍሮ፦ ስምህን ጠራሁላት።

ጎበና፦ [ዓይኑን ይጨፍናል] እሺ።

ማንደፍሮ፦ የሰሃን መወልወያ ጨርቅ ይዛ ነበር። እንዲህ አደረገችው። [ክንዱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ያነሳል]

ጎበና፦ [ዓይኑን ይገልጣል] ምን ማለት ነው ይኼ?

ማንደፍሮ፦ እኔም ያን ለት አልገባኝም ነበር። አሁን ነው የገባኝ።

ጎበና፦ ምን አለች በአፏ?

ማንደፍሮ፦ «ማን? ያ ቅዳሴ ላይ ስለ ኳስ የሚያወራው? እኔን ሳይጠይቅ ማኅበሩን ሰርግ የጠራው? በሰው ፊት መግቢያ አሳጥቶኝ ነው ሽማግሌ የሚልከው?» አለች።

[ጎበና ቁጭ ይላል። ኮፍያው መሬት ላይ ነው፤ አያነሳውም።]

ጎበና፦ ደግመህ አላቀበልክም?

ማንደፍሮ፦ አቀበልኩ እንጂ! «ልቡ ጥሩ ነው፤ እኔን ያስጠጋኝ እሱ ነው» አልኩ። ጨርቁ እንደተነሳ ነው። ደግሜ አልኩ። «ይልቅ» አለች፣ «ያ ዝምተኛው፣ ሰው ሲናገር የሚሰማው ጨዋ፣ ስም ለመጥራት አፍሮ በሌላ ሰው የሚያመካኝ አንተ ነህ ብዬ ነበር እኮ» አለች።

ጎበና፦ አንተስ ምን አልክ?

ማንደፍሮ፦ ዝም አልኩ።

ጎበና፦ ዝም አልክ?!

ማንደፍሮ፦ ሁልጊዜም ዝም ነው የምለው፤ ታውቀኛለህ። እሷ ግን ዝምታዬን ስታይ ሻይ ቀዳች። ለሁለታችንም። ጎበና... ጎሉ ክፍት ነበር።

ጎበና፦ [ድምፁ ይቀጥናል] መታህ?

ማንደፍሮ፦ መታሁ።

[አንድ ትራም እየተንጫጫ ያልፋል። ሁለቱም ከመጠን በላይ በጥንቃቄ ያዩታል።]

ጎበና፦ ግድ የለም! እሁድ ቶርበን አይጫወትም፤ ይሸጣል፤ እልፍነሽ ጭጋግ አገር ትሄዳለች፣ አንተም እዚህ ከኔ ጋር ትሸብታለህ! አብረን!

ማንደፍሮ፦ ተሸጧል እኮ። ይኼ ጋዜጣ ያለፈው ሳምንት ነው።

ጎበና፦ [ጋዜጣውን ገልብጦ ቀኑን ያያል፤ ቶሎ መልሶ ይገለብጠዋል] አውቃለሁ።

ማንደፍሮ፦ ቶርበን «ጉልበቴን የሚያሸኝ ሰው አብሮ ካልመጣ አልሄድም» ብሎ እኔንም ጨምሯል። ሐኪም ሲያየው ከርሞ ያልታጠፈው አሁን መታጠፍ ጀምሯል። የማስታምመውን ጣሊያናዊ ለአክስቴ ልጅ አስረክቤ በሚመጣው ሳምንት አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ጎበና፦ ከነሱ ጋር? ከነእልፍነሽ?

ማንደፍሮ፦ የጓሮ ክፍል አለ ይላሉ። ሰርጉ ግን እዚሁ ነው፤ በጥር። ለማኅበሩ ቀኑን አንተ ስለነገርክልን እሷም «መቼስ ሰው ተጠርቷል» አለች።

ጎበና፦ እኔ እኮ ነኝ ጨዋታውን ያስተማርኩህ!

ማንደፍሮ፦ አዎ። ለዚህ ነው ከሰው ሁሉ በፊት ላንተ የነገርኩህ። [ኮፍያውን ከመሬት ያነሳል፤ አቧራውን አራግፎ ጎበና ጭን ላይ ያኖረዋል] አጨብጭቦ ይስመዋል ያልከውን ግን አልጠብቅም። ብታዝንብኝ እውነትህን ነው፤ እኔም አዝኛለሁ።

[ጎበና ረዥም ጊዜ ዝም ይላል። ማንደፍሮ ከጎበና ዘንድ ይህን የሚያህል ዝምታ ሰምቶ አያውቅም። እልፍነሽ ይህን ብታይ ኖሮ ብሎ አሰበና አሳዘነው፤ ትንሽም ፈራ።]

ጎበና፦ በአንድ ነገር ግን እመንልኝ።

ማንደፍሮ፦ በምን?

ጎበና፦ ጉልበቱ ግራው ነው።

[ማንደፍሮ መዳፎቹን ያያል። ያን ጉልበት በነዚህ እጆች በቅቤ አሽቶታል፤ ዓይኑን ቢታሰርም አይስተውም። ቀኙ ነው።]

ማንደፍሮ፦ ግራው ነው፣ ጎበና። አንተ ልክ ነህ።

ጎበና፦ [ቀና ይላል፤ ኮፍያውን ይደፋል፤ ጋዜጣውን በክብር ያጥፋል] አላልኩህም?