የሰባተኛ ሰፈር አጽናኝ፣ እትዬ ደብሪቱ

ቧንቧ የሌለው ሰፈር ይገኛል፤ መብራት የሌለውም ሞልቷል፤ አጽናኝ የሌለው ሰፈር ግን እግዜር አልፈጠረም። መቼም በየመንደሩ አንዲት አትጠፋም። ሰው ሲታመም፣ ሲሰረቅ፣ ሲቀብር ማንም ሳይጠራት ነጠላዋን አጣፍታ ከተፍ ትላለች። የሰውን ጭንቅ ለማቅለል ደግሞ ከዚያ የከበደ የሌላ ሰው ጭንቅ ተሸክማ ነው የምትመጣው።

በጃንሆይ ዘመን ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ይህ ሹመት የእትዬ ደብሪቱ ነበር። «ክብርት የኀዘን ሚኒስትር» ይሏታል፣ እርግጥ በሌለችበት። ጥርሱን ላመመው፣ «ጥርስ ብቻ ነው? የአክስቴ ባል በጥርስ ጀምሮት አይደል የተቀበረው!» ትለዋለች። አንድ ጣቃ አቡጀዲ የተሰረቀ ነጋዴ በሱቁ ደጃፍ ተክዞ ቢቀመጥ፣ «አንተስ ጣቃ ነው፤ ቡልጋ አንዱ ሚስቱን ከነበቅሎዋ ተሰርቋል» አለችው። ሰውየው ሳያስበው ሳቀና በመሳቁ ተናደደ። ማሳረጊያዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄማ ጸጋ ነው፤ የባሰ አታምጣ በሉ!»

ጤናዬ ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብላ በርበሬና ኮረሪማ የምትቸረችር ሴት ናት። ከእትዬ ደብሪቱ ጋር በግድግዳ ይዋሰናሉ። ግድግዳው ደግሞ ጭቃ ነው፤ ጤናዬ ሲከፋት የምታለቅሰው ትራስ ነክሳ ነበር፣ አጽናኟ እንዳትሰማት።

ባሏ አገኘሁ፣ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። በአንድ ክፉ ክረምት መኪናው ከደሴ ወዲህ ተገለበጠና ደሴ ሆስፒታል አንድ እግሩ ተቆረጠ። ወሬውን ያመጣው በዚያው መንገድ የሚነዳው ጠሀ ነው።

«ነፍሱስ ተርፋለች» አላት ጠሀ። «ግን እህል አልቀምስም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ካልበላ አይተርፍም ብሏል ሐኪሙ። ነገ ስሄድ ደብዳቤ ስጪኝ፤ ያንቺ ቃል ሳያሽለው አይቀርም።»

ጤናዬ ፊደል አልቆጠረችም። በጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ለሰው ደብዳቤ ወደሚጽፉት ወደ ጋሼ ፍስሐ ሄደች። እሳቸው እንደ ወጉ ከእናት፣ ከወንድም፣ ከጎረቤት ሰላምታ ሊጀምሩ ብዕራቸውን ሲያነሡ፣ «ሰላምታው ይቅር ጋሼ፤ ወረቀቱን ማጽናኛ ይሙላው» አለቻቸው። ጻፉላት፦ «ውድ ባለቤቴ ሆይ፣ አይዞህ፣ በርታ። የወንድ ልጅ ወጉ መቻል ነው። ሁሉም አላፊ ነው፤ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ።» ሲነበብላት አለቀሰች። እንዲህ ያማረ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ጠሀ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽለት? አጠገቡ የተኛው ሰው ‹ውድ ባለቤቴ› ብሎ ሲያነብለት ደነገጠ። ‹የእናቴ ሰላምታስ?› አለ። የለም። ‹እናቴ ሞታለች፤ ደብቀውኝ ነው› ብሎ ጋቢውን ዘቅዝቆ ለበሰና ሆስፒታሉን በጩኸት አናጋው። አሁን ውሃም እንቢ ብሏል።»

«ደህና ናቸው አትለውም ነበር?»

«አልኩታ! ‹ለሞተ ሰው ሁሉ ደህና ነው ይባላል› ብሎ መለሰልኝ።»

እውነቱን ነው። በአገራችን ሩቅ ላለ ሰው ሞት በደብዳቤ አይነገርም። መርዶ ነጋሪዎች ጎህ ሲቀድ በር እስኪያንኳኩ ድረስ ሟቹ ደህና ነው፤ ሰላምታም ያቀርባል። እንግዲህ በሕይወት ያለችን እናት በሕይወት አለች ብሎ ማሳመን በምን ይቻላል?

በሩ ተበረገደ። እትዬ ደብሪቱ ናት፤ ግድግዳው ሁሉንም ነግሯታል። ጤናዬ የባሰውን ታሪክ ልትሰማ ዓይኗን ጨፈነች።

«በደህና ቀን ባሏን ‹ውድ› የምትል ሴት የት አለች?» አለች እትዬ ደብሪቱ። «እኔም ብሆን ለቅሶ እቀመጥ ነበር። ጋሼ ፍስሐን ጥሩልኝ! እማማ ውባንቺ፣ ይነሡ፤ እንደ ወትሮዎ ይስደቡት። ልጅ እናቱን በስድቧ ያውቃታል።»

ጥግ ላይ ኩርምት ብለው የተቀመጡት የአገኘሁ እናት እማማ ውባንቺ ለዚህ መለመን አላስፈለጋቸውም።

«ጻፍ!» አሉ፣ ጋሼ ፍስሐ መጥተው ገና ሳይቀመጡ። «አንተ የቀን ጎዶሎ፣ በቁሜ ቀበርከኝ? ጣራውን እደፍናለሁ ብለህ ሄደህ ክረምቱን ሙሉ ድስት ደቅኜ የማድረው እኔ አይደለሁም? እግርህ ነው እንጂ የሄደው እጅህን ማን ነካው? ብላና ና፤ መዶሻህ ያው አልጋ ሥር ነው። ልጄ፣ ያለ አንተ...» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «እቺን አትጻፋት» አሉ።

«ወረቀቱን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ» አለች እትዬ ደብሪቱ።

ጤናዬ ክው አለች። ለዚያ ምስኪን እሷን መላክ!

«እትዬ፣ በዚህ ዝናብ እንዴት...»

«ዝም በይ። መርዶ ይዛ የምትሄድ ሴት ፀጉሯን አትሠራም።»

በማግስቱ፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ቅቤ ነክቶት የማያውቀው ራሷ ሹሩባ ተሠርቶ፣ ቅቤው በጆሮ ግንዷ እየወረደ፣ ጥለቱ ቀይ ቀሚስ ለብሳ የጠሀ መኪና ላይ ወጣች። «ሚኒስትሯ ልትዳር ነው እንዴ?» አለ ሰፈሩ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጠሀ ነው ያወራው። አገኘሁ መጀመሪያ ያየው ሹሩባዋን ነው። ስድቡ ሲነበብለት የዘቀዘቀውን ጋቢ መልሶ አቃና። ስለ ድስቱ የተጻፈው ጋ ሲደርስ እንደ ሕፃን አለቀሰና ሾርባ አምጡልኝ አለ። እትዬ ደብሪቱም እስኪድን ከአልጋው አልተለየች።

መስቀል አለፍ ብሎ መኪናው ሰባተኛ ደረሰ። አገኘሁ ክራንቹን ታቅፎ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። እትዬ ደብሪቱ እግሩን እንዲዘረጋ ቦታዋን ለቃለት ከኋላ የጨው ጆንያ ላይ ተፈናጣለች።

«ሰዎች፣ ይቺን ሴትዮ አውርዱልኝ!» ብሎ ጮኸ አገኘሁ። «በየማረፊያው ዕውሩን፣ ሽባውን፣ የተቀበረውን ሁሉ ስትነግረኝ ነው የመጣችው!» ከስቷል፤ ግን ይስቃል።

ጤናዬ ባሏ ጋ ለመድረስ እየሮጠች ነበር። ጋቢናውን አልፋ ሄደች። ከጆንያው ላይ እያቃሰተች የምትወርደውን ሴት ጉልበት አቅፋ ሳመች።

«ተነሺ አንቺ፣ ጨው ነው የምትስሚው» አለች እትዬ ደብሪቱ።