በባላምባራስ ደጅ የተተከለው ድንኳን

ይህን ሳልነግራችሁ ባድር ሆዴ ይነፋል፤ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

በየአገሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ቤት የሚያፍነው፣ ጣራ ካየ አንገቱን የሚያሳክከው። ሰው ሁሉ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ቤቱ ሲቻኮል እሱ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ “እዚህች ላይ ነበር ማደር!” ይላል። የኛው ሰው ፍኖተ ሰላም፣ ከገበያው በላይ ይኖራል። ይኖራል ስላችሁ ቤቱ እዚያ ነው ማለቴ ነው፤ እሱስ የለበትም። ስሙ አያ ላቀው ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ካህናት፣ ሊቀ ጠበብት እያለች ትሾም የለ? እኛም “ሊቀ ሜዳ” ብለን ሾመነዋል። ሹመቱን ሲሰማ አልተቆጣም፤ “ዘገያችሁ” ነው ያለን።

ሊቀ ሜዳ ላቀው ውጭ ማደርን እንደ ቅኔ ቤት መምህር ከፋፍሎ ነው የሚያስተምር። ዋርካ ሥር ማደር ለጨዋታ ነው ይላል፤ ነጋዴው፣ ጋሪ ነጂው፣ ሁሉ ያገሩን ወሬ ይዞ ይመጣል። “እንቅልፍ ግን አትጠብቅ፤ ጧት ደግሞ ወፎቹ ከላይ ሆነው ይቀቡሃል።” የአውድማ ጎጆ ለሙቀት ነው። ጭዱ ውስጥ ገብተህ አፍንጫህን ብቻ ታስቀራለህ፤ እንዲያ ያለ አልጋ መኳንንቱም ቤት የለ፤ በማግስቱ ግን ስታክ ትውላለህ። ጭነት መኪና ሥር ማደር ለዝናብ ጊዜ ደግ ነው፤ ክፋቱ ሾፌሩ ማልዶ ከተነሣ ጣራህ ጥሎህ ይሄዳል። የማሽላ ጠባቂ ማማ ደግሞ ለክብር ነው። “ጅቡ ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ነው የሚያይህ፤ ማን አለ እንዲያ የሚያይህ?” ከዚያው ማማ ወድቆ ክንዱን ታሞ ነበር። “ወደቅህ አሉ” ብንለው “ወረድሁ” አለን።

ከሁሉ የሚበልጥበት ግን ድንኳን ነው። መንገድ ቀያሾቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት የተጣፈ ነጭ ሸራ አለው። ሸራውን እንደሚያሞግስ ሚስቱን ሲያሞግስ ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። አያ ላቀው ዳኘው የሚባል የወንድም ልጅ አለው። ዳኘው ቡሬ ገበያ ላይ አንዲት ልጅ አየ፤ ንግሥቴ ትባላለች፤ ከዚያ ወዲያ በሬ ሲጠምድ ቀንበሩን እየረሳ መጣ። አባቷ ባላምባራስ ክንፈሚካኤል ናቸው። ቡሬ ሳይደረስ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለው መንደር የታወቁ ሰው ናቸው፤ የታወቁትም ሽማግሌ በመመለስ ነው። አንዱን “ሳል ያበዛል” ብለው መለሱት፤ አንዱን ደግሞ ጠላቸውን ሲቀምስ ፊቱን አጨማደደ ብለው። አሁን ሌላ ባለጸጋ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ መጣ። ዳኘው አሁን ካልቀደመ ንግሥቴ ሄደች። ታዲያ በአባቱ ቦታ ቆሞ ሊለምንለት የሚችል አንድ አጎት ነው ያለው። ማን እንደሆነ አውቃችሁታል።

ጥምቀት እንዳለፈ አያ ላቀው፣ የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ዮሐንስና ዳኘው አንዲት በቅሎ ይዘው ተነሡ። ልጁ ሽማግሌ በሚላክበት ደጅ መታየት ነውር ነው፤ ዳኘውም እስከ መንደሩ መታጠፊያ ሸኝቶ ሊመለስ ነበር። በቅሎዋን ዞር ብሎ ቢያያት መምሬ አልተቀመጡባትም፤ ሸራው ነው የተቀመጠባት። ያን ጊዜ የት እንደሚያድሩ ገባው።

“አያ፣ ማንኩሳ ዘመድ አለን። እዚያ ብናድርስ?” አለ።

“ዘመድ ቤት? ከቁንጫ ጋር ስትታገል አድረህ፣ ዓይንህ ቀልቶ ሰው ፊት ልትቆም?”

“ላቀው ልጄ” አሉ መምሬ፣ “እኔ ብርድ አልችልም።”

“መምሬ፣ የጥንት አባቶች ዋሻ አልነበር የሚያድሩት?”

“እነሱ ጻድቃን ናቸው። እኔ ሪህ ያለብኝ ቄስ ነኝ።”

ማን ሰምቷቸው! መታጠፊያው ሲደርሱ ጨልሞ ነበር። ዳኘው “በሉ እንግዲህ፣ ልመለስ” ቢል አያ ላቀው “ምሰሶውን ማን ሊይዝልኝ? መምሬ? ጧት ሳይነጋ ትሄዳለህ” አለው። እየዳበሱ ከአንድ መስክ ደረሱና ተከሉ።

“አያ፣ ውሻ ይጮኻል። ቤት ቅርብ ነው መሰለኝ።”

“በብርድ ጊዜ ድምፅ ቅርብ ይመስላል። የባላምባራስ ቤት ከጉብታው ማዶ ነው። እኔን ልታስተምረኝ ነው?”

ዳኘው ሳይነጋ ሊሄድ አስቦ ነበር። እንቅልፍ ግን የሰውን ሐሳብ መች ይጠይቃል። ዓይኑን ሲገልጥ ጎሕ ቀዷል፤ ሸራው ላይ ውርጭ ነጥቶበታል። በሸራው ቀዳዳ ቢያይ አጥር ታየው፤ ከአጥሩ ወዲያ በር፣ ከበሩ ወዲያ ትልቅ ቤት። ከድንኳኑ ገመድ አንዱ የታሰረው ከአጥሩ እንጨት ላይ ነው።

“አያ!” አለ በሹክሹክታ። “ይህ የማን ቤት ነው?”

አያ ላቀው በቀዳዳዋ አየ። “ጉብታው ነው ቦታውን የለወጠ” አለ።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከማዶ ዋይታ መጣ። ኧረ እናንተ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ! በዚያ አገር ነጭ ድንኳን ሰው ደጅ የሚተከል ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ። ሠርግ ደግሞ ሳይነገር አይመጣም። እንግዲያ ሞት ነው። ድንኳኑ የማን ደጅ ነው? የባላምባራስ። እንግዲያ ባላምባራስ ሞተዋል! መንደሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ ተመመ። የባላምባራስ ሚስት እመት አስካለ ማርያም ጥጃ ለቅቀው ሊያልቡ ሲወጡ ጎረቤቶቻቸው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። እሳቸውም ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ አብረው አነቡ፤ በኛ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ጥያቄው ቀስ ብሎ ይደርሳል። አደይ የምትባለው አልቃሽ ከፊት ሆና ታወርደው ጀመር፦

“በሩን ዘግቶ አያድር መንገደኛ አይቶ፣
ማን ያስጠጋን እንግዲህ ባላምባራስ ሞቶ!”

ባላምባራስ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡ። አጠገባቸው የቆመውን ሽማግሌ “ማነው የሞተ?” አሉት።

“አንቱ ነዎት ሲሉ ሰማን” አለ ሽማግሌው፣ ከዚያ ቀና ብሎ አያቸውና አማተበ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። አደይ ብቻ የጀመረችውን ግጥም ማቋረጥ ስለማትወድ እሳቸውን እያየች ጨረሰችው።

“ድንኳኑን የተከለው ማነው?” አሉ ባላምባራስ።

አያ ላቀው ብርድ ልብሱን እንደ ካባ ደርቦ፣ ጠጉሩ ላይ ሣር እንደተሰካ ወጣ። “ደኅና አደሩ፣ ባላምባራስ! የእግዜር እንግዶች ነን።”

የባሰው ይህ ሆነ። “የእግዜር እንግዳ? እኔ ደጅ? ሜዳ ላይ? ቤቴ ፈርሷል ተባልህ? ክርስቲያን አይኖርበትም ተባልህ?” ሰው ሁሉ አደይን አየ፣ አደይ መሬቱን አየች። አሁን ያሞገሰችው እንግዳ ተቀባይነት እኮ ውርጭ ለብሶ ፊታቸው ቆሟል! ዳኘው ከሸራው ውስጥ ሆኖ ጉልበቱን አቅፎ “በቃ፣ ንግሥቴ ሄደች” አለ በልቡ። ሰውየውን በሳል የመለሱ፣ ይህንን በምን ሊምሩ?

አያ ላቀው ግን ጉሮሮውን ጠረገ። “ባላምባራስ፣ ቤትዎን ንቀን አይደለም። ከቤትዎ የምንፈልገው ከእንጀራና ከመደብ ስለሚበልጥ ነው። ሽማግሌ ቃሉ ሳይሰማ ጣራ ሥር ከገባ ይበላል፤ ከበላ ያፍራል፤ ካፈረ የመጣበትን ይውጠዋል። ስለዚህ ደጅ እየጠናን አደርን። መምሬን የሚያህል አባት ይዤ ውርጭ ላይ አደርሁ፣ ስለ ንግሥቴ።”

መምሬ ያን ጊዜ አነጠሱ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንዲያ ያለ ማነጠስ አልተሰማም፤ መንደሩ በአንድ አፍ “ይማርዎ!” አለ።

“እስከ ዛሬ የመጣብኝ ሽማግሌ ሁሉ መጀመሪያ ያየው የጠላዬን ጋን ነበር” አሉ ባላምባራስ፣ ቀስ ብለው። “ልጁስ ወዴት ነው?”

“ልጁማ እንደ ሥርዓቱ አገሩ ነው” አለ አያ ላቀው።

“እሱስ ደግ። ይችን ገመድ ግን ካጥሬ ላይ አንሣልኝ” ብለው ባላምባራስ ራሳቸው ሳብ አደረጓት።

ድንኳኑ እንዳለ ተደረመሰ። ሸራው ሥር አንድ ነገር ተንፈራገጠ፣ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ ከዚያ ዳኘው በእንብርክኩ ወጣ፤ ከባላምባራስ እግር ሥር። መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አያ ላቀው እንኳ ሰማይ ሰማይ አየ። ከበሩ በኩል ግን አንዲት ሳቅ አመለጠች። ንግሥቴ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ አልሆነላትም።

ባላምባራስ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ዳኘውን አዩ፤ ለቀስተኛውን አዩ፤ ቆሞ የሚጠብቃቸውን መንደር ሁሉ አዩ።

“ዛሬ ጧት ሞቼ ስሜን ሰማሁ” አሉ። “በሩን ዘግቶ አያድርም ተባልሁ። ሳልሞት ላበላሸው? ግቡ!”

“ቃሉስ፣ ባላምባራስ?” አለ አያ ላቀው፣ ካለበት ሳይነቃነቅ።

“ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ አልሁህ! ግባ፣ አንተ የሜዳ ሰው!”

ለቅሶ የመጣው ሰው እንባውን ጠርጎ እዚያው እልል አለ፤ ነጠላውን እንኳ አላቀናም ነበር። አደይ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ወደ ዘፈን ገባች።

እኔ ዳኘውን “አጎትህ አስቦበት ነው ወይስ መንገድ ጠፍቶት?” ብዬ ጠየቅሁት። “እንጃ” አለኝ፤ “እኔ የማውቀው ንግሥቴ እቤቴ እንዳለች ነው።” አያ ላቀውን መጠየቅስ ምን ያደርጋል፤ አስቤበት ነው ይላላ። ብቻ እኔም አንዲት የጅጋ ልጅ ዓይኔን ይዛዋለች፤ አባቷ ኮስታራ ናቸው። እናቴ በጠባያቸው የታወቁ፣ ሞቅ ካለ ቤት የሚያድሩ ሽማግሎች መርጣልኛለች። ትናንት ማታ ሳልነግራት ወጣሁና ከአያ ላቀው ደጅ ቆሜ፣ የድንኳኑን ምሰሶ እንደምይዝለት ምዬ፣ “እኔስ ካንተ በቀር ማን አለኝ?” አልሁት።

የናንተስ ሊቀ ሜዳ ማነው? ወዴት ወስዶ አሳደራችሁ? ጧት ስትነቁስ የማን ደጅ ሆኖ አገኛችሁት?