የሜዳው ጌታ ጓድ ሀብቴ

መንግሥት ይለወጣል፤ በር ላይ የቆመው ሰው ግን አይለወጥም። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ ጂንካም ብዙ ነገር ተገለባበጠ፤ የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ሀብተ ማርያም ግን ስሙን አሳጥሮ፣ ከስሙ ፊት «ጓድ» ጨምሮ፣ ያንኑ ፊሽካ እንደያዘ ቀጠለ።

ሜዳው ከተማው መሃል የተንጣለለ ሣር ነው። አውሮፕላን አልፎ አልፎ ብቅ ቢል ነው፤ በቀረው ጊዜ ከብት ይግጥበታል። የክቡርነታቸው ሥራ ሞተር ሲሰማ ፊሽካ ነፍቶ ከብቱን ማባረር ነበር። በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ከብት እየያዙ ቀበሌው ግቢ ያስራሉ። ባለቤቱ ሲመጣ «መመሪያ ነው!» ይላሉ፤ መመሪያውን ያየ ሰው የለም። ሙዝ ላመጣ ይላላለታል፤ ማር ላመጣ ጭራሽ ይሻርለታል፤ በባዶ እጁ ለመጣ ግን አንቀጽ ይጨመርበታል። «ጉቦ እንዳትሉት» ይላሉ አፋቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ከሰፊው ሕዝብ ጋር መቀራረብ ነው።»

አንድ ቀን የወይዘሮ እልፍነሽ ላም ተያዘች። እልፍነሽ ያለቻት ይቺው አንዲት ላም ናት፤ ምራቷ ወልዳ ወተት አልወርድ ስላላት፣ ሕፃኑም የሚያድገው በዚችው ላም ነው። ቄብ ዶሮዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ገሠገሠች።

«እትዬ፣ መመሪያው ዶሮ አይልም» አሉ ጓድ ሀብቴ፣ ዶሮዋን በእጃቸው እየመዘኑ።

«አንተ ጨምራት! ልጁ እየራበው ነው።»

«ለሕፃን ከሆነማ... ነገ ትለቀቃለች።» ዶሮዋ ምሳ ላይ ወጥ ሆነች።

ከሰዓት በኋላ ግን ነገር መጣ። በማግስቱ በአውሮፕላን ትልልቅ እንግዶች ስለሚገቡ፣ እንደወረዱ ያቺ የታሰረችው ላም እንድትታረድላቸው የቀበሌው ሊቀ መንበር አዘዘ። የማን ናት ብሎ የጠየቀ የለም። እልፍነሽ ይህን ስትሰማ የግቢውን በር ይዛ ጮኸች።

«ዶሮዬን በልተህ ላሜን ታሳርዳለህ? እግዜርን አትፈራም?»

ጓድ ሀብቴ አፈሩ። ብዙ ነገር ተብለዋል፤ በልቶ ካጅ ግን ተብለው አያውቁም። «አንዴ በልቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሂጂ፣ ቤትሽ ግቢ።»

በማግስቱ አውሮፕላኑ እያጓራ ሲመጣ ፊሽካው ዝም አለ። ሜዳው የከተማው ከብት ሁሉ ሞልቶበታል፤ ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶ ሰማይ ያያል። አውሮፕላኑ ከበብ ከበብ አለና በመጣበት ተመለሰ። እንግዳ ከሌለ እርድ የለም፤ ላሚቱ ተፈትታ ቤቷ ገባች።

«ፊሽካው ተበላሸብኝ» አሉ ጓድ ሀብቴ። ሊቀ መንበሩ ተቀብሎ ቢነፋው ከተማው በሙሉ ሰማው። ከብት ሲያስሩበት የኖሩት ግቢ ውስጥ ራሳቸው ታሰሩ።

እልፍነሽ ቅል ሙሉ ወተት ይዛ ልትጠይቀው ሄደች። ሀብቴ ቅሉን ተቀበለና በልማዱ ቀና ብሎ፣ «ጉዳይዎ ምንድን ነው?» አላት።

«ምንም ጉዳይ የለኝም። ጠጣ።»

«ያለ ጉዳይ?»

ግራ ገባው። በዕድሜው ያለ ጉዳይ የመጣለት ነገር አልነበረም። እልፍነሽ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በላት። አጠገቡ ቁጭ አለችና፣ እንዲያምናት ብላ፣ እሷው አስቀድማ ተጎነጨችለት።