የአንሶላ ክፍሉ ክቡር ሚኒስትር

ሰው አገር ገብቶ ከባለቤቱ በላይ ስለ ቤቱ የሚጨነቅ እንግዳ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት በዚህ ልብስ ማጠቢያ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ሚኒስትር ናቸው። ባልደረቦቻቸው ስሙን ያወጡላቸው ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን ሹመቱን ተቀበሉ። የመኖሪያ ፈቃዳቸውን በየዓመቱ ተሰልፈው ያሳድሳሉ፤ የመምረጥ መብት የላቸውም፤ የምክር ቤቱን አባላት ግን ማን ከየት እንደተመረጠ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ በቃላቸው ይወርዱታል።

መከራውን የምታየው የአገራቸው ልጅ ነበረች። አንድ አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከክቡርነታቸው ጋር አንሶላ ትጋፈፋለች ብሎ የሚያማት ካለ እውነቱን ነው፤ ግን የሆቴል አንሶላ፣ ያውም በቀን አራት መቶ። ጫፍና ጫፉን ይዘው ይራራቃሉ፣ ይወጥራሉ፣ ከዚያ ጫፍ ለማጋጠም ይቀራረባሉ። ክቡርነታቸው ንግግር የሚያደርጉት ልክ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ነው፤ ማምለጫ የለም።

«የውሃ በጀቱን አየሽው?»

«እኔ የራሴን ቧንቧም አላየሁ።»

«እንዲህ እየተባለ ነው አገር የሚጠፋው!»

«የማን አገር?»

«የምንኖርበት ነዋ!»

አንድ ቀን አላስችል ብሏት፣ «አገር ቤት ሳሉ ስብሰባ ሲጠራ በጓሮ በር ነበር አሉ የሚወጡት፤ እዚህ ምን ነካዎት?» አለቻቸው።

«እዚያ ገና አፌን ሳልከፍት የማን ወገን ነህ ይሉኛል። እዚህ ሁላችንንም ባንድ አፍ ‹መጤ› ይሉናል። አንድነትን ያገኘሁት በስድብ ነው፤ ታዲያ ልጠቀምበት እንጂ!»

ምርጫው ሲቃረብ ሹፌሩን ያዙት። ሹፌሩ የአገሬው ተወላጅ ነው፤ የታጠበውን አንሶላ ወደ ሆቴሎቹ የሚያመላልስ፣ ዕድሜ ልኩን መርጦ የማያውቅ። «እኔ የማላገኘውን አንተ ትጥለዋለህ? ነውር አይደለም?» እያሉ ሦስት ሳምንት ነዘነዙት። በምርጫው ቀን ከረባት አስረው መጡ፤ እስከ ምርጫ ጣቢያው ደጃፍ ሸኙትና እሳቸው ወደ ሥራ ተመለሱ።

ሹፌሩ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ትከሻቸውን ቸብ አደረገና፣

«ክቡር ሚኒስትር፣ እግዜር ይስጥልኝ! ባትገፋፋኝ አልሄድም ነበር።»

«ጎሽ! ማንን መረጥክ?»

«መጤዎቹን እናስወጣለን የሚሉትን ነዋ! አንተን አይደለም እንግዲህ፤ አንተማ የኛው ነህ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም ይልቅ የሳቀችው እሷ ናት፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባዋን በትራስ ልብስ እየጠረገች። እሷም መጤ መሆኗ ትዝ ያላት ቆይቶ ነው።

ክቡር ሚኒስትር የነበረው ሰውዬ ከረባቱን ፈታ። የአንሶላውን ጫፍ አነሳ። ተራራቁ፣ ወጠሩ፣ ተቀራረቡ። ጫፉን ሲያቀብላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አንቺም ሳቅሽ?» አላት።

በማግስቱ ምንም አልተናገረም። በሳምንቱም። ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ይኸው መጣላት፤ የሚያጓራው ማሽኑ ብቻ ሆነ። ይቅርታ ልትለው ስንቴ ተነሳች፤ ቃሉ ግን አንሶላው ሲታጠፍ አብሮ እየታጠፈ ይቀራል። «ምነው ያን ዕለት ጥርሴን በከደንኩት» ትላለች ለራሷ።

ይቅርታው ቢያቅታት ተንኮል አሰበች። ይህ ሰው ስድብ ይችላል፤ ስህተት ግን አይችልም። አንዴ የምክትል ከንቲባውን ስም ብትሳሳት ግማሽ ቀን ተቆጥቷታል። እናም የምሳ ሰዓቷን በሙሉ ጋዜጣ ስታነብ አሳለፈች፤ ያነበበችውን ሁሉ ሆን ብላ አዘበራረቀችው። ልክ ጫፍ ሲያጋጥሙ፣

«ሰሙ ክቡርነትዎ? የተሸነፈው ፓርቲ መንግሥት ሊመሠርት ነው አሉ። የጤና ሚኒስትሩም የባቡሩን መሥሪያ ቤት ከአጎቱ ወረሰ!» አለችው።

ቅንድቡ ተነሳ። ከንፈሩ ተላቀቀ። እሷ ጫፏን እንደያዘች ጠበቀች፤ ቢሰድባት፣ ደንቆሮ ቢላት፣ ሠራተኛውን ሰብስቦ ቢያዋርዳት እልል ትል ነበር።

«ይሆናል፣ እህቴ» አለና እጥፉን አስተካክሎ ሌላ አንሶላ አነሳ።