አልከፈት ያለው የሽምግልና ለስላሳ

ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፤ ጠርሙሱን መጀመሪያ በጥርሴ ልከፍት የሞከርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሠራሽ ጥርሴ ክዳኑ ላይ ተተክሎ ሲቀር አማቾቻችን በሙሉ አይተዋል። ናና አጄማንም "አፍሽ ካልሠራ እጅሽ ይሥራ" ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ።

ቀንና ቦታ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10፣ ኩማሲ ከተማ፣ የአክስት ፎሪዋ ማድ ቤት።

የተገኙ፦ የሙሽሪት ታላቅ አጎት ናና አጄማን (ሰብሳቢ)፣ አክስት ፎሪዋ (ዕቃ ያዥ)፣ የኬሚስትሪ አስተማሪው ንቲም፣ ጸሐፊ።

ያልተገኘች፦ ሰርዋ። የምትዳረው እሷ ስለሆነች አልተጠራችም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ማድ ቤቱ ከአራት ሰው በላይ ስለማይይዝ እንደተሟላ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 1፦ ለምን አልከፈት አለ?

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ባለፈው ቅዳሜ የሙሽራው የያው ቤተሰቦች ሽማግሌ ሆነው ሲመጡ ይህን ትልቅ የብርቱካን ለስላሳ አስረክበዋል። ዛሬ ሰርዋ "እንክፈተው?" ተብላ ሦስት ጊዜ ትጠየቃለች፤ እሺ ካለች ይከፈታል፣ ይጠጣል፣ ጋብቻው ይጸናል። ነገር ግን ክዳኑን ቀደም ብለን እናላላው ሲባል አራት ጎልማሳ አቅቶታል። በረንዳ ላይ የተቀመጡት የያው አጎትም "መጠጣችን ካልተከፈተ እምቢ ተብለናል፤ ይዘነው እንሄዳለን" ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀምረዋል።

መምህር ንቲም ጠርሙሱን አገላብጠው የክዳኑ ቀለበት መበጠሱን አሳዩ። ተከፍቶ የተዘጋ ነው ማለት ነው። ሲቀዳ አንገቱ ላይ የቀረው ስኳር በክዳኑ ጥርሶች መካከል ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ሙቀት ሲመታው ደግሞ ውስጥ የቀረው ጋዝ ክዳኑን ወደ ላይ ገፍቶ ጥርስን ከጥርስ ያጣብቃል ብለው ገለጹ። "በዚያ ላይ ደብቆ የጠጣ ሰው ከፋብሪካው አስበልጦ ያጠብቃል" ሲሉ አከሉ።

ጉባኤው ወደ አክስት ፎሪዋ ዞሮ ተመለከተ።

"አልጋዬ ሥር ስለተቀመጠ ነው? እኔ ስኳር ያለብኝ ሴት!"

"ለዚህማ ነው ተደብቀሽ የምትጠጪው" በማለት ሰብሳቢው አስተያየት ሰጡ። ቀጥሎ የተባለው ለጽሑፍ አይመችም።

አጀንዳ 2፦ መፍትሔ

ሰብሳቢው አንገቱ በገጀራ ይቆረጥ አሉ። አክስት ፎሪዋ "የጋብቻ መጠጥ ላይ ስለት? ዛሬ ቆርጠው ነገ ሊያፋቷት ነው?" በማለት ተቃወሙ። መምህሩ ሥሩ በሚስማር ይበሳ አሉ፤ ሰብሳቢው "እንደ ግልገል ተንበርክከን ልንጠባ?" ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ተመሳሳይ ጠርሙስ ከሱቅ ተገዝቶ በምስጢር እንዲተካ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። መምህር ንቲም "ሌላ መጠጥ ሌላ ጋብቻ ነው" ብለው የልዩነት ሐሳባቸውን አስመዘገቡ።

አጀንዳ 3፦ ያልተያዘ

ሰርዋ ሳትጠራ ገባች። ጨርቅ በፈላ ውሃ ነክራ የጠርሙሱን አንገት ጠቀለለች፣ ጥቂት ጠበቀች፣ አዞረችው። ፍስስ አለ።

"ማን አስተማረሽ?" አሉ ናና።

"ረቡዕም እንዲሁ ነው የከፈትኩት። ሰኞ ግን ገና አዲስ ስለነበር አላስቸገረኝም።"

"ምነው ልጄ! አንድ ሳምንት መታገሥ አቃተሽ?"

"የእኔ ያው ያመጣው ነው ናና። አላስቻለኝም።"

መምህር ንቲም፣ መጠጡን መጠጣት እሺ ማለት ከሆነ ልጅቷ ካገባች ዛሬ አምስት ቀን እንደሆናት አስረዱ። አክስት ፎሪዋ "እልል እንኳ ሳንል!" ብለው የሩዙ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

ውሳኔ፦ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ አይተካም፤ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አጀንዳ 3 ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ በሙሉ ድምፅ ስለተወሰነ፣ ለቤተሰቡ መዝገብ በሚገባው ላይ ሰርዤዋለሁ።

ስብሰባው 5 ሰዓት ላይ ተበተነ። አክስት ፎሪዋ ልጅቱን በር ላይ ይዘው "በመጀመሪያው ጥያቄ ዝም! በሁለተኛውም ዝም! በሦስተኛው፣ አንገትሽን ደፍተሽ፣ ቀስ ብለሽ። አታዋርጅን!" ሲሉ አስጠነቀቁ። ሰርዋም እሺ ብላ ወጣች።

ይህን እየጻፍኩ ናና በረንዳው ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጀመሩ። ግማሹ ላይ ሳይደርሱ የሰርዋ "እሺ!" ተሰማ። ቆዩኝ፣ አማቾቹ የሳቁት በምን እንደሆነና አክስት ፎሪዋ የት እንደወደቁ አይቼ እነግራችኋለሁ።