የተቆለፈው ማግኔት

ቆልፎ የሚያስተምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ልደታ ሰፈር፣ ሻይ በማቀርብበት አዳራሽ ገጥሞኛል። ለአንደኛ ደረጃ መምህራን "ሳይንስን በተግባር ማስተማር" የሚል ሥልጠና ይሰጣል። ተግባሩ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል። "ማግኔቱ በስሜ የተመዘገበ ንብረት ነው" እያለ ፎቶውን በፕሮጀክተር ያሳያል። ይሄ ሰውዬ ለእንግዳም የምሳ ፎቶ ሳያቀርብ ይቀራል?

በመጨረሻው ቀን ቲቸር አልማዝ የሚባሉ አንጋፋ መምህርት ሻይ እየጠጡ፣ "ነገ ልጆቹ እንንካው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?" አሉኝ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሬዲዮ ወደሚጠግነው ወንድሜ ሮጬ፣ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔትና አንድ ምስማር አመጣሁላቸው። ምስማሩን ሲያስጠጉለት ላፍ አደረገው። እሳቸውም ደነገጡ።

"ልጄ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ይስባል እያልኩ አስተማርኩ። ሲስብ ያየሁት ግን ዛሬ ነው።"

ማግኔቱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። ሰርተፊኬታቸውን ጠረጴዛው ላይ ረስተውታል።