በስኖውሞቢል ላይ የተደረገ ሽምግልና

ልጁ ኮሌጅ ሲያቋርጥ ለቅሶ የሚቀመጥ አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? የኛ ጋሽ ታደሰ እንዲያ ናቸው። ራሳቸው እዚህ በሰው አገር፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሱቅ ከፍተው፣ “የራስ ሥራ ክብር ነው” ሲሉን ኖረዋል። ልጃቸው ናቲ ግን የፋርማሲ ትምህርቱን ትቶ ተራራ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ ስኖውሞቢል፣ ያንን የበረዶ ሞተር፣ ማከራየት ሲጀምር “ተዋረድኩ” አሉ። ወደ ትምህርቱ እንድንመልሰው እኔንና ጋሽ መኮንንን ሽማግሌ አድርገው ይዘውን ወጡ። እሳቸው ልጁን ላለማየት መኪና ውስጥ ቀሩ።

ሱፋችንን ለብሰን፣ ከረባታችንን አስረን ገባን። ናቲ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለንና “መጀመሪያ አንድ ራይድ ውሰዱ፣ ከዚያ እናወራለን” አለ። ለጨዋነት ያህል የራስ መከላከያውን ሄልሜት አጥልቀን ተሳፈርን። ለጨዋነት ያህል ደግመን ዞርን።

ስንመለስ ጋሽ ታደሰ “እሺ፣ ምን አለ?” አሉ።

ለካ ሳንጠይቀው ኖሯል።

ጋሽ መኮንን ከጢማቸው በረዶ እየጠረጉ፣ “ስማ ታደሰ፣ የኔ ልጅ ዶክተር ነው። እስከ ዛሬ የትም ወስዶኝ አያውቅም” አሉ።

ጋሽ ታደሰ ኮስተር አሉ። “እናንተ ሽምግልና አታውቁም፤ እኔው አናግረዋለሁ” ብለው ወረዱ። ትንሽ ራመድ ካሉ በኋላ ግን ዞሩ።

“ሄልሜቱ የሚደረገው ኮፍያ ወልቆ ነው?”